የ6ኛ ክፍል ሆምወርክ፦ ልጄ 90 አለች፣ አባቷ 60 አለ፤ እንዴት ላስረዳት?

የሰሚቷ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ከልጆቻችሁ ጋር ሆምወርክ የምትሠሩ ወላጆችና መምህራን፣ እባካችሁ ሐሳብ ስጡኝ። ልጄ 6ኛ ክፍል ናት። ዛሬ ይዛው ከመጣችው ዎርክሺት ላይ አንዱ ጥያቄ ይኸውላችሁ።

«አንድ ነጋዴ ካለው ጤፍ 1/3ኛውን ጠዋት ሸጠ። ከቀረው ውስጥ 2/5ኛውን ከሰዓት በኋላ ሸጠ። ማታ ሲመዝነው 24 ኪሎ ቀርቶታል። መጀመሪያ ስንት ኪሎ ጤፍ ነበረው?»

ልጄ ሠርታ 90 ኪሎ አለች። አባቷ መጣና «መጀመሪያ የነበረውን ኤክስ እንበለው» ብሎ ቶሎ 60 አወጣ። እሷ ግን «ቲቸር እንደዚህ አላስተማረችንም» ብላ እርሳሷን አስቀመጠች። እሱም ያንኑ ኤክስ እንደገና ጀመረላት። ከዚያ በኋላ እንባዋ መጣ።

መልሱን አግኝተናል። እኔን የቸገረኝ እሱ አይደለም፤ እንዲገባት ነው የምፈልገው። 90 ለምን እንዳልሆነ እስካሁን ማንም አላስረዳትም። ኤክስ ሳንነካ ለዚህ ዕድሜ የሚገባ መንገድ የምታውቁ ንገሩኝ። ሆምወርኩ የሚሰበሰበው ከነገ ወዲያ ነው።

አስጠኚው፦

እህቴ፣ 90 ዝም ብሎ የመጣ ቁጥር አይመስለኝም። እስቲ ደብተሯን እዪው። 1/3 እና 2/5 ደምራ 11/15 አግኝታ ይሆናል። ከዚያ 4/15 ቀረ ብላለች። 4/15ኛው 24 ኪሎ ከሆነ፣ 1/15ኛው 6 ኪሎ ነው። 6 በ15 ሲባዛ 90 ይመጣል።

እንደዚህ ከሠራች ልጅሽ ብዙ ነገር ታውቃለች። ታህት የማይመሳሰል ክፍልፋይ መደመር ትችላለች። ከክፍሉ ተነስታ ሙሉውን ማግኘትም ትችላለች። ብዙ ተማሪ የሚወድቀው እዚያ ላይ ነው። የሳተችው አንዲት ነገር ናት፦ 2/5ኛው የምን 2/5ኛ እንደሆነ። እሷ ከጠቅላላው ጤፍ ላይ አሰበችው። ጥያቄው የሚለው ከቀረው ላይ ነው።

በየቤቱ እየዞርኩ ሳስጠና ብዙ ጊዜ የማየው ይሄንኑ ነው። ወላጅ መልሱ ስህተት መሆኑን ሲያይ ሁሉንም ሰርዞ በራሱ መንገድ ከባዶ ይጀምራል። ልጁ ደግሞ የሠራሁት ሁሉ ገደል ገባ ብሎ ያስባል። ሳትሰርዙ ጠይቋት። «ይሄን 2/5 ከየት ላይ ነው የወሰድሽው?» በሏት። ዝም ብላችሁ ጠብቋት። ብዙውን ጊዜ ራሳቸው ያገኙታል።

የሰሚቷ እናት፦

ልክ እንዳልከው ነው! ደብተሯ ላይ 11/15 ተጽፏል፣ ከሥሩ 4/15 አለ። አባቷም አይቶ ገረመው። አሁን ተኝታለች፣ ነገ ማታ እጠይቃታለሁ። ግን «ከቀረው» የሚለውን እንዴት አድርጌ በዓይኗ ላሳያት?

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ልጄ፣ እኔ ሒሳብ ሳስተምር ነው ዕድሜዬን የጨረስኩት። አንድ ባለ ካሬ ደብተርና እርሳስ ይበቃሻል።

በመጀመሪያ የሁለቱን ክፍልፋይ ታህት አባዙ። 3 በ5፣ 15። በአንድ መስመር 15 ካሬ ይሠመር። ይህ የነጋዴው ጤፍ ነው። እያንዳንዱ ካሬ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ ገና አናውቅም፣ ማወቅም አያስፈልገንም።

ጠዋት 1/3ኛውን ሸጠ። ከ15 ካሬ 5ቱ ይጥቆሩ። 10 ካሬ ቀረ።

አሁን እዚህ ላይ ቁሙ። ከሥሩ ሌላ መስመር ላይ የቀሩትን 10 ካሬዎች ብቻ እንደ አዲስ ትሣላቸው። የጠቆሩትን አትሣል። ከሰዓት በኋላ ነጋዴው ሱቁ ውስጥ ያለው ይሄ ብቻ ነው። 2/5ኛው የሚወሰደው ከዚህ ነው። የ10 ካሬ 2/5ኛ 4 ካሬ ነው። 4ቱ ይጥቆሩ። 6 ካሬ ቀረ።

6 ካሬ 24 ኪሎ ከሆነ አንዱ ካሬ 4 ኪሎ ነው። መጀመሪያ 15 ካሬ ነበር። 15 በ4፣ 60 ኪሎ።

ከዚያ የእሷን 90 በዚሁ ሥዕል ሥሩት። 15 ካሬ ይሣል። 5 ይጥቆር። 2/5ኛው ከጠቅላላው ስለሆነ የ15 2/5ኛ 6 ካሬ ነው፣ እሱም ይጥቆር። 4 ካሬ ቀረ። 24 ለ4 ሲካፈል 6። 15 በ6፣ 90። ሁለቱን ሥዕሎች ጎን ለጎን አስቀምጡላት። በአንዱ 6 ካሬ፣ በሌላው 4 ካሬ ነው የቀረው። ልዩነቱን በጣቷ ታሳይሽ።

ሁለተኛውን ሥዕል አትለፉት። ልጅ መልሱ ለምን እንዳልሆነ ካላየ፣ ሳምንት ሳይሞላው ያንኑ ይደግመዋል።

ኢንጂነሩ አባት፦

በአክብሮት ልለይ። ሥዕሉ ቆንጆ ነው፣ ግን እስከ መቼ ካሬ ይሥላሉ? 7ኛ ክፍል ሲገቡ ኤክስ አይቀርላቸውም። አሁኑኑ ቢለምዱት ይሻላል። የ6ኛ ክፍል ከተማ አቀፍ ፈተና ደግሞ በሰዓት ነው። ኤክስ ሲቀነስ የኤክስ ሲሶ፣ ሲቀነስ የቀረው 2/5ኛ፣ እኩል ይሆናል 24። አለቀ።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ወንድሜ፣ ኤክስን እኔም እወደዋለሁ። ስንት ዓመት አስተምሬዋለሁ። ግን እኩልታህን ደግመህ እየው። «የቀረው 2/5ኛ» ብለህ የጻፍከውን ወደ ኤክስ ለመለወጥ፣ የቀረው የኤክስ 2/3ኛ መሆኑን ማወቅ አለብህ። ልጅቷ የሳተችውም እሱን ነው። ኤክስ ብትጠቀምም 2/5 ኤክስ ብላ ትጽፍና 90 ይመጣላታል። የእኩልታው መልክ ነገሩን ይሸፍንባታል። ካሬው ላይ ግን ስህተቱ ፊት ለፊት ይታያል።

ለእኩልታ መሠረት የሚሆነውም ይኸው ሥዕል ነው። የሲንጋፖር ትምህርት ቤቶች እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ የቃላት ሒሳብን በሥዕል ባር፣ ማለትም እንደ ካሬ መስመራችን በተከፋፈለ ረጅም ሣጥን፣ እያሠሩ ነው የሚያስተምሩት። ኤክስ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ባሩን የለመደ ልጅ ኤክስ ሲመጣበት እንግዳ አይሆንበትም። አንዱን ካሬ ኤክስ ብሎ ይጠራዋል፣ በቃ።

የዘዴው ሐሳብ ደግሞ ጥንታዊ ነው። ከ3500 ዓመት በፊት በተጻፈ የግብፅ ፓፒረስ ላይ እንዲህ ያለ ጥያቄ አለ፦ አንድ ነገርና የራሱ 1/7ኛ ሲደመሩ 19 ይሆናሉ። ጸሐፊው መጀመሪያ 7 ነው ብሎ ይገምታል። 7 እና የ7 1/7ኛ 8 ይሆናል። ከዚያ 8ን 19 ለማድረግ በስንት ይባዛል ብሎ፣ ግምቱን በዚያው ያባዛዋል። እኛም 15 ካሬ ብለን ስንጀምር ያደረግነው ይህንኑ ነው።

የፈተናውን ነገር ካነሳህ፣ እኔ ይህን ጥያቄ በምርጫ ባወጣው 90ን ከአማራጮቹ አንዱ አደርገዋለሁ። ሌላም ፈታኝ እንደዚያ ነው የሚያደርገው። ለዚህ መድኃኒቱ መልሶ መፈተሽ ነው። 60 ከሆነ፦ 20 ተሸጠ፣ 40 ቀረ፤ ከ40ው 16 ተሸጠ፣ 24 ቀረ። ልክ ነው። 90 ከሆነ፦ 30 ተሸጠ፣ 60 ቀረ፤ ከ60ው 24 ተሸጠ፣ 36 ቀረ። አልሆነም። ይህ ጊዜ አይፈጅም።

ኢንጂነሩ አባት፦

መልሶ መፈተሹ ላይ እስማማለሁ። የእኔም ልጅ እሱን አይሠራም። ያገኘውን ጽፎ መሮጥ ነው።

የደሴ ልጅ፦

አያቴ ፊደል አልቆጠሩም። አዝመራ ሲገባ ግን እንዲህ ያለውን ሒሳብ አውድማው ላይ ይጨርሱት ነበር። መጀመሪያ ለዘር የተበደሩት ይወጣል። ከዚያ የቀረው ይካፈላል፣ እኩል ከሆነ እኩል፣ ሲሶ ከሆነ ሲሶ። ዘሩ ሳይወጣ ሲሶ የሚያነሳ ቢመጣ ጠብ ነው። ለልጅሽ ነጋዴውን ተይውና ስለ አውድማው ንገሪያት። ማን ቀድሞ ወሰደ፣ የቀረው ክምር የቱ ነው ብላ ታስብ።

ከሜሪላንድ፦

እኔ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። እዚህ ያለን ወላጆች ችግር በሌላ በኩል ነው። ልጄ 4ኛ ክፍል ነው። 23 ሲባዛ በ14 ላሳየው ስቀመጥ «እንደሱ አይደለም፣ ሳጥን ሥራ» አለኝ። ሳጥኑን አራት ቦታ ይከፍሉታል። 20 በ10፣ 200። 20 በ4፣ 80። 3 በ10፣ 30። 3 በ4፣ 12። ይደመርና 322።

እኛ አገር ቤት የተማርነው፣ ቁጥሮቹን አንዱን ከአንዱ ሥር ጽፎ የማባዛት መንገድ፣ ኮመን ኮር በሚባለው የአሜሪካ የትምህርት መመሪያ የሚጠበቀው 5ኛ ክፍል ላይ ነው። 4ኛ ክፍል ሳጥኑን ነው የሚሠሩት። ይህን ሳውቅ ነገሩ ተገለጠልኝ። ልጁን «የአንተ መንገድ ይረዝማል» ከማለት ይልቅ «እስቲ ሳጥኑን አስተምረኝ» እለዋለሁ። እሱ አስተማሪ ሲሆን ደስ ይለዋል። እኔም ሲያስረዳኝ የት ጋ እንደሳተ አያለሁ። ከዚያ በእኔ መንገድ ሠርቼ መልሱ አንድ መሆኑን እናያለን። እዚህ ላሉ ወላጆች ይህን አጥብቄ እመክራለሁ።

የፍራንክፈርቷ፦

ጀርመን ያላችሁ ደግሞ ምልክቶቹን አስቀድማችሁ እዩ። እዚህ ማካፈል የሚጻፈው በሁለት ነጥብ ነው፣ ማባዛት በመሃል ነጥብ። የአስርዮሽ ቦታ ላይ የሚገባው ኮማ ነው። አንድ ተኩል 1,5 ይጻፋል። 1.000 ደግሞ ሺህ ነው። ወላጅ ከአገር ቤት በለመደው ነጥብ ሲጽፍለት ልጁ ሌላ ቁጥር ያነባል። እኔና ልጄ የሒሳቡን ደብተር ስንከፍት መጀመሪያ የመምህሩን ምሳሌ ነው የምናየው። የእነሱን አጻጻፍ አይቼ በዚያው እሄዳለሁ።

ፈጣኑ፦

ሰው ይህን ሁሉ ከሚጽፍ ጥያቄውን ፎቶ አንስቶ ለስልክ ቢሰጠው አይሻልም? ቻትጂፒቲ ደረጃ በደረጃ ይሠራዋል።

አስጠኚው፦

ወንድሜ፣ መልሱ በእጃቸው ነው ያለው። እናትየዋ የጠየቀችው ልጇ እንዲገባት ነው። ስልኩ ሲሠራላት ልጅቷ ትገለብጣለች፣ 90 ለምን እንዳልሆነ ግን አሁንም አታውቅም። ስልኩን ማምጣት ከፈለጋችሁ ራሷ ሠርታ ከጨረሰች በኋላ ለማመሳከር ይሁን። እሱም ሊሳሳት ስለሚችል መልሶ መፈተሹን እሷ ትሥራው።

የሰሚቷ እናት፦

ደስ የሚል ነገር ይዤ መጣሁ። ዛሬ ማታ ደብተሩን ይዘን ተቀመጥን። አባቷም አጠገባችን ነበር፣ ላለመናገር ቃል ገብቶ።

15 ካሬ ሠራች። 5ቱን አጠቆረች። 2/5 ላይ ስትደርስ እርሳሷን ከመጀመሪያው ካሬ አስነስታ መቁጠር ጀመረች። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት... ከዚያ እጇ ቆመ። ጥያቄውን ድምፅ አውጥታ አነበበችው። «ከቀረው ውስጥ» የሚለው ላይ ስትደርስ ቀና ብላ አየችኝ። «እማዬ፣ እነዚህ እኮ ተሸጠዋል!» አለች። ምንም አልጨመርኩም። ከሥሩ 10 ካሬ ሠራችና 4ቱን አጠቆረች። 60ን ስታገኝ አባቷን ዞራ ነው ያየችው።

የ90ውንም ሥዕል ሠርታዋለች፣ ጋሼ። ሁለቱንም ለቲቸሯ ልታሳይ ነው። እኔም ቤት ውስጥ በምን መንገድ እንደሠራን ኮሙኒኬሽን ቡኳ ላይ በአጭሩ ጻፍኩላቸው።

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፤ 24 ለ6 ሲካፈል ብዙ ቆየች። በጣቷ ነው የምትቆጥረው። የማባዛት ሰንጠረዥ ገና አልያዘላትም መሰለኝ። 6ኛ ክፍል ላይ ይህ ዘግይቷል?

አስጠኚው፦

አልዘገየም፣ ግን አሁን ያዙት። ሐሳቡ ሁሉ ገብቷቸው በሰንጠረዡ ምክንያት የሚደክሙ ልጆች ብዙ ናቸው። ጭንቅላታቸው 7 በ8 ስንት ነበር ሲል የጥያቄው ታሪክ ይጠፋባቸዋል።

እስከ 10 ያለው ሰንጠረዥ 100 ቦታ ስላለው ያስፈራቸዋል። ግን 7 በ8 እና 8 በ7 አንድ ነው። እሱን ስታወጪ 55 ይቀራል። የ1ን፣ የ2ን፣ የ5ንና የ10ን አብዛኛው ልጅ ያውቃል። እነሱን ስታወጪ 21 ብቻ ይቀራል። በ3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 8 እና 9 መካከል ያሉት ናቸው። 21ዱን በትንንሽ ወረቀት ጻፉ፣ ጥያቄው ከፊት፣ መልሱ ከጀርባ። በየማታው ጥቂት ጥቂት። የያዘቻቸውን ወረቀቶች ለብቻ ታስቀምጥ። ክምሩ ሲያንስ ስታይ ራሷ ትገፋበታለች። አንዱን ካላወቀችው ከምታውቀው ትነሳ፦ 7 በ7 49 ከሆነ 7 በ8 በ7 ይበልጣል፣ 56።

የ4ኛ ክፍል አባት፦

ክሩን ልጠምዝዘውና፣ የእኔ ልጅ ደግሞ ከማካፈል በኋላ የሚተርፈውን ቀሪ ጠላው። «ለምንድን ነው የሚጠቅመው?» ይለኛል። ከረሜላ ከማካፈል ውጪ ምሳሌ አጣሁለት።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ባሕረ ሐሳብን አሳየው! በዓላትና አጽዋማት በየዓመቱ የሚወጡት በቀሪ ነው።

የ2018ን አብራችሁ ሥሩ። 5500 ሲደመር 2018፣ 7518 ዓመተ ዓለም ነው። ለ19 ይካፈል። 395 ጊዜ ደርሶ 13 ይተርፋል። ድርሻው ተትቶ ቀሪው ነው የሚያዘው። ከ13 አንድ ሲቀነስ 12፣ እሱ ወንበር ይባላል። ወንበሩን በ11 ስታባዛ 132፤ ለ30 ሲካፈል 12 ይተርፋል፣ አበቅቴ። ወንበሩን በ19 ስታባዛ 228፤ ለ30 ሲካፈል 18 ይተርፋል፣ መጥቅዕ። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መምጣት አለበት። 12 እና 18፣ 30። ሥራው ትክክል መሆኑ በዚሁ ይታወቃል። ጾመ ነነዌና ፋሲካ መቼ እንደሚውሉ የሚሰላው ከመጥቅዑ ተነስቶ ነው። ለ4ኛ ክፍል ልጅ ከባድ አይደለም፣ ማባዛትና ማካፈል ብቻ ነው። የተወለደበትን ዓመት ወንበር ራሱ ያውጣ።

የ4ኛ ክፍል አባት፦

መምህር፣ ዕድሜ ይስጥልን። አሁን አያቱንም ጠራቸው፣ አብረው እየሠሩ ነው።

ከሜሪላንድ፦

መምህር፣ ለካሬው ዘዴ መለማመጃ የሚሆን ሌላ ጥያቄ ይስጡን። ትልቁ ልጄም እንዲሞክር።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ሁለት ጥያቄ እሰጣችኋለሁ። አንድ ላይ ይሠሩ።

ሀ) አንዲት እናት ካላት ብር 1/4ኛውን ለታክሲ ከፈለች። ከቀረው 2/3ኛውን ለአስቤዛ አወጣች። 150 ብር ተረፋት። መጀመሪያ ስንት ነበራት?

ለ) አንዲት እናት ካላት ብር 1/4ኛውን ለታክሲ ከፈለች። ከጠቅላላው 2/3ኛውን ለአስቤዛ አወጣች። 150 ብር ተረፋት። መጀመሪያ ስንት ነበራት?

ከሜሪላንድ፦

ልጁ 12 ካሬ ሠርቶ ጀመረ። በሀ 3 ካሬ ተረፈው፣ አንዱ 50 ብር፣ ጠቅላላው 600። በለ ደግሞ አንድ ካሬ ብቻ ተረፈው፣ 1800 አለ። «የለ እናት እኮ በጣም ሀብታም ናት» ብሎ ሄደ።

የሰሚቷ እናት፦

የእኔዋም 600 እና 1800 ብላለች። ሁለቱንም መልሳ ፈትሻለች።

ጡረታ የወጣ መምህር፦

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ሦስተኛውን ጥያቄ ልጆቹ ራሳቸው ያውጡና ለወላጆቻቸው ይስጡ። ሲያወጡ መጀመሪያ ካሬውን ይሥሩ። በመጨረሻ የሚቀሩት ካሬዎች ስንት እንደሆኑ ይዩ። ከዚያ የሚተርፈውን ቁጥር ሲመርጡ በዚያ ያለ ቀሪ የሚካፈል ይምረጡ።